በየሦስት ደቂቃው የሚሞት መስመር

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ውል አሮጌውን ራውተር ነቅሎ አዲሱን ተከለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መስመራችን በየሦስት ደቂቃው ይሞት ጀመር።

ጋሽ ውል የአክስቴ ባል ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ በትክክለኛ ስሙ የሚያውቀው ግን የሠራተኛ መዝገብ ክፍል ብቻ ነው። ብልሽት በገጠመ ቁጥር «አትጎትቱት፣ መጀመሪያ ውሉን ፈልጉ» ስለሚል ውል ተብሎ ቀረ። እኔም በስሜ አልጠራም። ለስምንት ዓመት ውጭ ኖሬ፣ ተምሬና ሠርቼ ከተመለስኩ ገና አምስት ወር ስለሆነኝ «ባሕር ማዶ» ይሉኛል። «ባሕር ማዶ ገብታለች?»፣ «ይሄንን ለባሕር ማዶ ስጧት፣ እሷ አዲሱን ታውቃለች።» አዲሱን ማወቄ ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም።

ማዕከላችን ኮሌጆችን፣ ሆስፒታሎችንና የምርምር ጣቢያዎችን በአንድ መረብ ያገናኛል። መረባችን ደግሞ ከሌላ አገር መረብ ጋር ይገናኛል። ያኛው ማዕከል ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ በመሃላችን የሌላ ኩባንያ መስመር ተዘርግቷል፤ በሙያችን ግን «ጎረቤት» ነው የምንለው። የእኛ ራውተርና የጎረቤት ራውተር በየደቂቃው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አለህ? አለሁ። አለህ? አለሁ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ የአንዱ ድምፅ ከጠፋ ሌላው ሞቷል ብሎ ይቆርጠዋል፤ ወዲያው ደግሞ እንደ አዲስ መተዋወቅ ይጀምራሉ። ሲተዋወቁ እያንዳንዱ «በእኔ በኩል የሚገኙት አድራሻዎች እነዚህ ናቸው» ብሎ ሙሉ ዝርዝሩን ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ለውጥ እስኪኖር ድረስ ከሰላምታ በቀር ብዙ የሚባባሉት የላቸውም።

ማክሰኞ ዕለት ይተዋወቃሉ፣ ሰላም ይባባላሉ፣ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ይሞታሉ። እንደገና ይተዋወቃሉ፣ እንደገና ይሞታሉ። የሆስፒታሎቹ ሐኪሞች ወደ ውጭ ባልደረቦቻቸው የሚልኩት የራጅ ምስል ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ስልካችን መጮኹን አላቋርጥ አለ።

በመሥሪያ ቤታችን ብልሽት ሲደርስ የሚሞላ ቅጽ አለ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተጎዱት ክፍሎች ይጻፋሉ፤ ከሥር «የጥፋቱ ባለቤት» የሚል መስመር አለ። ምክንያቱ ምን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ስቄ ነበር። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ፣ ወሬ አያመልጠውምና ዜና የምንለው፣ «አትሳቂ» አለኝ፤ እዚህ ቤት ዕቃ አይበላሽም፣ የሚያበላሸው ሰው ነው። ብልሽቱ ከሁለት ቀን ካለፈ ከባድ ይባላል። ከባድ ከተባለ ስሙ የተጻፈው ሰው የማሽን ክፍሉን ቁልፍ አስረክቦ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል። ጋሽ ውል ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ነበር የቀረው። ያንን ክፍል ባዶ ግድግዳ ሳለ ጀምሮ ኬብሉን አንድ በአንድ የዘረጋው እሱ ነው። በጥፋተኛ ስም ከዚያ ክፍል ወጥቶ ወንበርና ጠረጴዛ ሲቆጥር ስምንት ወር ይጨርሳል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ግን ሊሆን ነበር፤ መንገዱን የጠረግሁትም እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጇ ሰበሰበችን። ምን እንደምናስብ በየተራ ጠየቀች። እኔ ተራዬ ሲደርስ በትምህርቴ የለመድኩትን ተናገርኩ፤ ብልሽት ሲገጥም የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ተለወጠ?» የሚለው ነው አልኩ። ምን ተለወጠ አለችኝ። «የተለወጠው ራውተሩ ነው» አልኩ። ሐሰት አልነበረም። ሁሉም ዞሮ ጋሽ ውልን አየው። እሱ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉ እጆቹን አየ።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሲፈትሽ ዋለ። የይለፍ ቃሉን ሦስት ጊዜ እንደገና ጻፈ። ኬብሎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ሰካ። እነዚህ ማሽኖች ጎረቤት ሲባሉ ግድግዳ የሚጋሩ ይመስላቸዋል፤ በመሃል ብዙ ማሽን እንዳለ ካልነገርካቸው ሁለተኛው ደጃፍ ላይ ተስፋ ቆርጠው ይመለሳሉ። ያንንም አየ፤ በትክክል ነግሯቸዋል። የጎረቤት ማዕከሉን መሐንዲስ በስልክ ጠራው። ሁለቱ ለአሥራ አራት ዓመት በስልክ ብቻ ይተዋወቃሉ፣ ተያይተው አያውቁም፣ የሁለቱም ባልሆነ ቋንቋ እየተሰባበሩ ያወራሉ፤ ጋሽ ውል «ወንድሜ» ነው የሚለው። ወንድሙ በእሱ በኩል አንድም ነገር እንዳልተነካ ማለለት።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ውል አጠገቤ መጥቶ ስክሪኑ ላይ ያለ ቁጥር እንዳነብለት ጠየቀኝ። አነበብኩለት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና እንዳነብለት ጠየቀኝ። የራሱን ዓይን ማመን እንደተወ ያኔ ገባኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ጠርጥሬው ነበር። ሽማግሌ ነው፣ አዲሱን ማሽን አያውቀውም፣ አንድ ቦታ ተሳስቷል እያልኩ ነበር። በውጭ አገር የተማርኩት የኮምፒውተር ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ሳላውቀው አገሬ ላይ የሚሠራን ሰው ከላይ ማየትም ተምሬያለሁ።

የምኖረው እነሱ ቤት ነው። እናቴ ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው። የዚያን ዕለት ማታ ከእራት በኋላ ሳህን ሳጥብ አክስቴ ከኋላዬ ቆመችና በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«እሱ ነው ያበላሸው?»

«ገና አልታወቀም፣ አክስቴ።»

«ሌሊት ሦስቴ እየተነሳ በሩ መቆለፉን ያያል። ዘግቶት፣ አይቶት፣ ተመልሶ ያየዋል። እጄ ምን እንደሚሠራ አላውቅም ይለኛል። አንቺ ተምረሻል አይደል? እስቲ እይለት።»

ሐሙስ በጠዋት ገብቼ አየሁለት። ስገባ ግን ጋሽ ውል ቀድሞኝ የሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገብቶ ወጥቶ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

እስከዚያ ድረስ ሁላችንም መስመሩ ለምን ይሞታል እያልን ነበር። እኔ ደግሞ ለምን ሦስት ደቂቃ ይኖራል አልኩ። ኬብል ቢበላሽ አይተዋወቁም ነበር፤ የይለፍ ቃል ቢሳሳት በር ላይ ይቀሩ ነበር። እነዚህ ግን ይተዋወቃሉ፣ ከዚያ አንዱ ድምፁ ይጠፋል። ለጎረቤቱ መሐንዲስ ደወልኩና ከእኛ የሚደርሰውን ሁሉ እንዲመዘግብልኝ ለመንኩት። በግማሽ ሰዓት ላከልኝ። ከእኛ የሚላኩት ትንንሽ መልእክቶች ይደርሱታል። ዝርዝሩን የያዘው ትልቁ ጥቅል ግን አንድም ጊዜ ደርሶት አያውቅም። የእኛ ማሽን ያንኑ ጥቅል ደጋግሞ ይልካል፣ ሰላምታው ከጥቅሉ ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ሦስት ደቂቃ ያልፋል።

መጠናቸው እየጨመረ የሚሄድ የሙከራ መልእክቶች ላክሁ። ትንንሾቹ አለፉ። ከአንድ መጠን በላይ ያሉት ጠፉ። መንገድ ላይ ያለ ማሽን በበሩ የማይገባ ጥቅል ሲደርሰው ዝም አይልም፤ «ይሄ አይገባልኝም፣ አሳንሰህ ላክ» የሚል አጭር ማስታወሻ ለላኪው ይመልሳል። ያ ማስታወሻ ወደ እኛ እየመጣ አልነበረም። ለምን እንደማይመጣ ለማየት የራውተሩን ደንቦች ከፈትኩ።

የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ ማንም ሳያዘኝ፣ በራውተሩ መግቢያ ላይ አንድ ደንብ ጽፌ ነበር፤ እንዲህ ያሉ አጫጭር ማስታወሻዎች በሙሉ እንዳይገቡ የሚከለክል። ሰርጎ ገቦች የመረቡን አቀማመጥ የሚያጠኑት በእነሱ ነው ተብዬ ተምሬ ነበር፤ ደግሞም የመሥሪያ ቤቱን ሰው በሙሉ በሩን ሳይቆልፍ የሚተኛ አድርጌ አየው ነበር። ያኔ ጋሽ ውል አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ሁሉንም ነው የምትዘጊው? የሚያስፈልገን አይኖርበትም?» አለኝ። ጋሼ፣ ይሄ የድሮ ሥጋት ነው አልኩት። እሱም «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። አዲሱን ራውተር ሲተክልም ደንቤን ሳይሸራርፍ፣ ፊደል በፊደል፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ገልብጦልኛል።

መሃል ላይ ላለው ኩባንያ ደወልኩ። አንድ የሰለቸው ድምፅ አነሳ። አዎ፣ የእናንተን መልእክት በሌላ መጠቅለያ ውስጥ አድርገን ማሳለፍ ጀምረናል፣ መንገዱ ትንሽ ጠቧል፣ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ደብዳቤ ልከናል አለኝ። ሦስት ሳምንት። በእነዚያ ሳምንታት ማንም ምንም አላየም፤ ዝርዝሩ ድሮ ተላልፎ ስላለቀ ሁለቱ ማሽኖች ሰላምታና ቁርጥራጭ ወሬ ብቻ ነበር የሚለዋወጡት፣ ያ ደግሞ፣ ከመነሻው በትንንሹ ተቆርጦ እንደሚላከው የራጅ ምስል፣ በጠባብ በርም ያልፋል። ጋሽ ውል አሮጌውን ሲነቅል መተዋወቁ እንደ አዲስ ተጀመረ፤ ትልቁ ዝርዝር መላክ ነበረበት። የእሱ እጅ ያደረገው ተሸፍኖ የቆየውን ጉድጓድ መግለጥ ብቻ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው፤ ልዩነቱ፣ የጣልኩት ከሰው ብብት መሆኑ ነው።

ደንቡን አነሳሁት። አንድ መስመር ጽሑፍ ናት። ማሽኖቹ ተዋወቁ፣ ሦስት ደቂቃ አለፈ፣ አራት፣ አሥር። ዜና ከመቀመጫው ተነስቶ «ባሕር ማዶ አስነሳችው» እያለ ከክፍል ክፍል ዞረ። ሰው ትከሻዬን ሲመታኝ፣ ሲያመሰግነኝ ነበር፤ እኔ ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ሮጥኩ።

ነገርኳት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳኋት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ቅጽ አወጣች። «የጥፋቱ ባለቤት» በሚለው መስመር ላይ የጋሽ ውል ስም በራሱ እጅ ተጽፎ፣ ከሥሩ ተፈርሞ ነበር። ጠዋት መጥቶ እጄ ነው ብሎኛል አለች። ነገ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ያስረክባል።

«የነገርኩዎት እኮ ነው» አልኳት፣ «እጁ አይደለም።»

ፈገግ አለች። ክፉ ፈገግታ አልነበረም። «የአክስትሽ ባል መሆኑን እናውቃለን እኮ። ይገባኛል። እንዲያውም ደስ ብሎኛል፤ ያን ያህል ዓመት ውጭ ኖረሽ ዘመድ አለመርሳትሽ።»

የሰበሰብኩትን የቴክኒክ ማስረጃ ሁሉ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩ። እሷ የማሽን ሰው አይደለችም፤ ወረቀቶቹን አገላብጣ እንደ ሠርግ ጥሪ በጨዋነት መለሰችልኝ። ስወጣ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ዜና ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ፣ ምንም ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «በመጨረሻ አገርሽ ገባሽ» አለኝ። አምስት ወር ሙሉ ዘመድ ለዘመድ የሚሸፋፈንበት ቤት ነው እያልኩ ስወቅሳቸው ነበርና እንዲህ ቢለኝ አይፈረድበትም። ማክሰኞ ግማሽ እውነት ስናገር አምነውኝ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ሙሉውን ስናገር ግን ውለታ መላሽ ሆንኩ።

ጋሽ ውልን ማሽን ክፍሉ ውስጥ አገኘሁት። የግል መሣሪያዎቹን፣ መፍቻውን፣ ጉጠቱን፣ ትንሿን የእጅ ባትሪ በካርቶን እየከተተ ነበር። እሱ ይረዳኛል፣ የሙያ ሰው ነው ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ማሽኖቹ ይነፍሳሉ፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነበር የምናወራው። ሲሰማኝ ቆየና የካርቶኑን ክዳን አጠፈ።

«የኔ ልጅ፣ ተይው» አለ። «የነቀልኩት እኔ፣ የተከልኩት እኔ። አንቺ አንድ ነገር አስተካክለሽ አስነሳሽው፣ እግዜር ይስጥሽ። ለእኔ ብለሽ ግን ራስሽን አታቆሽሺ። ገና ነሽ።»

«ጋሼ፣ ለአንተ ብዬ አይደለም። ሆኖ ነው።»

«እጄ እየከዳኝ ነው። ያወቅሁት ዛሬ አይደለም።» በዚህ ዓመት ያመለጡትን ነገሮች ይቆጥርልኝ ጀመር፤ የወደቀች ብርጭቆ፣ የጠፋች ብሎን፣ ባልተዘጋ ቧንቧ የፈሰሰ ውሃ። እነዚህ ሁሉ ከማክሰኞ በፊት ምንም አልነበሩም። እኔ ስብሰባው ላይ «የተለወጠው ራውተሩ ነው» ካልኩ በኋላ ግን ተሰብስበው ማስረጃ ሆኑበት።

የዚያን ቀን ማታ አብሬያቸው እራት በላሁ። አክስቴ መስመሩ መዳኑን ሰምታ ነበር፤ ባሏ መፈረሙንም ሰምታለች። ዓይኖቿ ቀልተው ነበር። እኔ ለሥራ አስኪያጇ ነግሬያለሁ፣ ለእሱም ነግሬያለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ እያልኩ ዳቦዬን ቆረስኩ። ለእሷ ግን አልነገርኳትም። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ነው የቀረው፤ ቅጹ ላይ ስሜ ቢገባ ውሌ አይታደስም። እውነቱን ተናግሬ ማንም ካልተቀበለኝ ዕዳው ከእኔ ላይ ወርዷል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ደስ የሚል ሐሳብ ነበር። አብሮኝ አልጋ ድረስ ሄደ። እስከ ንጋት ድረስም ደስ እንዳለ ቢቆይ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር፤ ነገር ግን በጓዳው በኩል የበሩን ቁልፍ ድምፅ ሰማሁ። ተዘጋ፣ ተሞከረ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ተሞከረ።

ዓርብ ጠዋት ሥራ አስኪያጇን አንድ ነገር ለመንኳት። መስመሩን ለአሥር ደቂቃ ልቁረጠውና በዓይናችሁ እዩ አልኳት። የሚሠራን መስመር ሆን ብሎ መቁረጥ ያለ እሷ ፊርማ አይቻልም። የዳነ በሽተኛን ለምስክርነት የሚገድል ማን ነው ብላ ሳቀች። አልፈረመችም።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ለሁለቱ ሆስፒታሎች የራጅ ክፍል ደወልኩ፤ ከአራት ሰዓት እስከ አራት ከሩብ ምንም እንዳይልኩ ጠየቅሁ። ቀጥዬ ለጎረቤቱ መሐንዲስ ደወልኩ። ለምን እንደማደርገው ነገርኩት። ለወንድሜ ከሆነ፣ አለኝ በዚያ በተሰባበረ ቋንቋ፣ ቁረጪው፤ እዚህ የሚጮኸውን እኔ አስተኛዋለሁ።

ጋሽ ውልን ከማሽን ክፍሉ ክንዱን ይዤ አምጥቼ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩት። ዜና አንገቱን አስግጎ ያየን ነበር። የራሴን ደንብ መልሼ ጻፍኩና ግንኙነቱን አቋርጬ እንደገና አስጀመርኩት። ጋሽ ውል ምን እያደረግሁ እንደሆነ ሲገባው እጄን ሊይዘኝ ተንቀሳቀሰ፤ ዘግይቷል።

ማሽኖቹ ተዋወቁ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። እሱ ስክሪኑን ሳይሆን የእኔን ፊት ነበር የሚያየው። ሦስተኛው ደቂቃ ሲሞላ መስመሩ ሞተ። ደንቡን አነሳሁ፤ ተዋወቁ፣ ሦስት ደቂቃ አለፈ፣ አምስት ሆነ፣ አልሞተም። አሁንስ ብዬ ዞርኩ።

ራሱን ነቀነቀ። «አንድ ጊዜ አጋጣሚ ነው» አለ። ድምፁ ግን ከማክሰኞ ወዲህ የሰማሁት ድምፅ አልነበረም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ሬዲዮ ፈታትቶ ሲያስተምረኝ የነበረው የሚያናድድ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነበር። «ተነሺ፣ ቦታውን ልቀቂልኝ።»

ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ፣ መነጽሩን አስተካከለ፣ ደንቡን በሁለት ጣት እየፈለገ ጻፈ። ሲጽፍ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። ግንኙነቱን ራሱ ቆረጠ፣ ራሱ አስጀመረ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ዜና መጥቶ ከኋላችን ቆመ። ሦስት ደቂቃ። ሞተ። ጋሽ ውል ደንቡን በእጁ አጠፋው፤ መስመሩ ተነሳና ዳግም አልሞተም። ጣቱን ስክሪኑ ላይ፣ ደንቤ የነበረባት ባዶ ቦታ ላይ አደረገ፤ እዚያው አቆየው።

ሥራ አስኪያጇ በሩን ከፍታ ገባች። ስልክ እንደደረሳት ከፊቷ ያስታውቃል።

«ማነው የቆረጠው?»

እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ውል ተነስቶ ቆመ። «የመጀመሪያውን እሷ። ሁለተኛውን እኔ» አለ። «ትናንት የፈረምኩትን ወረቀት ይመልሱልኝ። ያልሠራሁትን ነው የፈረምኩት።»

የገባ ቅጽ አይወጣም አለችው። እሱም አልተቆጣም፤ ወንበር ሳበላትና ቁጭ እንድትል ለመናት፣ ጥቅሉን በደብተሯ፣ ጠባቡን በር በሁለት መዳፉ እያሳየ አስረዳት። እኔ ሐሙስ ዕለት ግማሽ ሰዓት ለፍቼ ያላስገባሁላትን በአምስት ደቂቃ አስገባላት። ነገሩ እንደገባት ከዓይኗ ታወቀ፤ ወደ እኔ ዞረች፣ በዚህኛው ጊዜ ፈገግታ አልነበረም። አዲስ ቅጽ አስመጥታ ሰጠችኝ። ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ያለ ፈቃድ መቁረጤም ከሥሩ ተጨመረ፤ የእሱን መቁረጥ ማንም አልጻፈም። ስለ ውልሽ ሰኞ እንነጋገራለን ብላኝ ወጣች። ቁልፉን ሳትጠይቀው።

ዜና ቀስ ብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እኔና ጋሽ ውል ቀረን። ያመሰግነኛል ወይም ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ማክሰኞ ስብሰባው ላይ» አለ ስክሪኑን እያየ፣ «ይሄንን አታውቂም ነበር።»

«አላውቅም ነበር፣ ጋሼ።»

«ብታውቂ ኖሮ ትናገሪ ነበር?»

አዎ ልለው ፈለግሁ። ከሐሙስ ማታ በኋላ ግን አፌ አልታዘዘኝም። «እንጃ» አልኩት። «አላውቅም።»

ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ። «በእግሬ እሄዳለሁ፣ አትጠብቂኝ» አለኝና ወጣ። ከቢሮ እስከ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

አክስቴ በሩን ስትከፍትልኝ መጀመሪያ ያየችው ከኋላዬ ነበር።

«ብቻሽን ነሽ?»

«በእግሩ ይመጣል።»

«ቁልፉን ወሰዱበት?»

«አልወሰዱበትም። የእሱ ጥፋት እንዳልሆነ ታውቋል።»

ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። አንድ ነገር እየደጋገመች በለሆሳስ አለች፣ ምስጋና ይመስለኛል። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

«ታዲያ ማን ነው ያበላሸው?»

ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነገርኳት። እኔ ነኝ አልኳት። መቼ እንዳወቅሁ ጠየቀችኝ። ሐሙስ ረፋድ አልኳት። ሐሙስ ማታ እራት ላይ የት እንደተቀመጥኩ፣ እሷ የት እንደተቀመጠች፣ እሱ የት እንደተቀመጠ በጣቷ እየጠቆመች አሳየችኝ። ፊቴን መለስኩ። ያን ጊዜ በአእምሮዬ የነበረው ሻንጣዬ ነው፤ አልጋዬ ሥር ከገባ አምስት ወሩ፣ ገና ሙሉ በሙሉ ያልተፈታ። ሰኞን ሳልጠብቅ መሄድ እችላለሁ፣ ሌላ አገር ሌላ ማዕከል ሞልቷል እያልኩ ነበር።

አክስቴ ወጥ ቤት ገብታ ውሃ ጣደች። ስትመለስ ወንበር ይዛ መጥታ በሩ ፊት ለፊት አስቀመጠችው።

«ተቀመጪ» አለችኝ። «ሲገባ እዚህ ያግኝሽ። የትም እንዳትሄጂ።»

ቁጣ ይሁን ልመና አልለየሁትም። ተቀመጥኩ። ውሃው መፍላት ጀምሮ ነበር፤ የግቢው በር ገና አልተከፈተም።